የባቡር ጉልበት

ጊንጪ የባቡር ሀዲድ የላትም። ሆኖም «ባቡር» የሚለውን ቃል የማያውቅ ሰው በጊንጪም ሆነ በዙሪያዋ አይገኝም። ጤፉን በአህያ ጭኖ የሚሄድ ሰው «ወዴት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ «ባቡር ቤት፣ እህል ላስፈጭ» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ይህ ባቡር የእህል ወፍጮ ነው።

ታዲያ ወፍጮውና በሀዲድ ላይ የሚሮጠው ባቡር እንዴት በአንድ ስም ሊጠሩ ቻሉ? ነገሩ እንዲህ ነው። ቃሉ የመጣው «እንፋሎት» ከሚል የፈረንጅ ቃል ነው። በቀድሞ ዘመን በእንፋሎት የሚሠራውን መኪና ሁሉ ሕዝቡ ባቡር ይለው ነበር። በአፄ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን የሚባሉ አርመናዊ በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ የመንገድ መደምደሚያ አስመጥተው ነበር። ሀዲድ የማያስፈልገው፣ በመንገድ ላይ የሚሄድ መኪና ነው። እሱም ቢሆን «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን የሀዲዱን ባቡር፣ በተለይም የሚስበውን ክፍል ነው። ይህ ክፍል ሎኮሞቲቭ ይባላል። ሎኮሞቲቭ ሞተር ያለበት የባቡሩ ራስ ነው። ከኋላው የሚጎተቱት፣ ሰውና ጭነት የሚይዙት ፉርጎዎች ናቸው። ፉርጎ ያለ ሎኮሞቲቭ በጎማ ፈንታ የብረት እግር ያለው ሣጥን ነው፤ የትም አይሄድም።

ሀዲድ ለምን አስፈለገ?

በክረምት የጊንጪን ዙሪያ መረሬ አፈር እናስታውስ። ጭነት የያዘ ጋሪ ጭቃው ውስጥ ሲገባ እግሩ ይሰምጣል። እንስሳው ቢገረፍም ንቅንቅ አይልም። ያው ጋሪ አስፋልቱ ላይ ሲወጣ ግን እየቀለለው ይሄዳል። ጭነቱም አልቀነሰ፣ የእንስሳውም ጉልበት አልጨመረ። የተለወጠው መሬቱ ነው። መሬቱ በጠነከረ ቁጥር የሚባክነው ጉልበት ያንሳል።

በሀዲድ ላይ ይህ ነገር የመጨረሻ ደረጃው ላይ ይደርሳል። እግሩም ብረት ነው፤ መንገዱም ብረት ነው። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል አይሰምጥም፤ እንደ ጎማም አይጨፈለቅም። ስለዚህ አንድ ሎኮሞቲቭ ብዙ የጭነት መኪናዎች የሚይዙትን ጭነት ብቻውን ይስባል።

ግን ይህ ጥቅም ጉዳትም አለው። ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል። ዳገት ሲያጋጥም፣ ሀዲዱም በጤዛ ወይም በዝናብ ሲረጥብ፣ የሎኮሞቲቩ እግር በቦታው ይሽከረከራል እንጂ ወደፊት አይሄድም። ሎኮሞቲቭ በጣም ከባድ ሆኖ የሚሠራው አንዱም ለዚህ ነው፤ ክብደቱ እግሩን ከሀዲዱ ጋር አጥብቆ ያጣብቀዋል። በተጨማሪም አሸዋ ይዞ ይሄዳል። እግሩ ሲንሸራተት ነጂው አሸዋውን በሀዲዱ ላይ እንዲፈስ ያደርገዋል። መሐንዲሶችም ሀዲዱን ቀጥ አድርገው ዳገት አያስወጡትም፤ ተራራውን እያዞሩ ቀስ በቀስ ያወጡታል።

እንፋሎት እንዴት ይስባል?

ድስት ሲፈላ ክዳኑን እየገፋ ያንኳኳዋል። የሚገፋው እንፋሎቱ ነው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። በትልቅ የብረት ጋን ውስጥ ውሃ ይሞላል። ከሥሩ በድንጋይ ከሰል ወይም በእንጨት እሳት ይነድዳል። እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ይታመቃል። ከዚያም በቧንቧ አልፎ ፒስተኑን ወዲያና ወዲህ ይገፋል። ፒስተኑ ረጅሙን የብረት ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጉም እግሩን ያሽከረክራል።

ይህ ሎኮሞቲቭ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንደኛው ይነዳል። ሁለተኛው እሳቱን እያነደደ ውሃውን ይጠብቃል። ውሃው ቢያልቅ የጋኑ ብረት ግሎ ይላላል፤ ሊፈነዳም ይችላል። ደግሞም ጠዋት ቀስቅሶ ወዲያው መሄድ አይቻልም። እሳቱ ተቀጣጥሎ እንፋሎቱ እስኪታመቅ ሰዓታት ይፈጃል።

ከጅቡቲ እስከ ለገሀር

በአገራችን የባቡር ሥራ ፈቃድ የተሰጠው በ1886 ዓ.ም. ነው። አፄ ምኒልክ ፈቃዱን የሰጡት ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በ1895 ዓ.ም. ሀዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ነገር ግን ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ለሀዲድ አስቸጋሪ፣ ወጪውም ከባድ ሆኖ ተገኘ። ሀዲዱ ከተራራው ሥር ቀረ፤ በዚያም ድሬዳዋ ከተማ ተቆረቆረች።

ድሬዳዋ ላይ ሥራው ለዓመታት ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ከሰረ፤ በሌላ ኩባንያም ተተካ። ሀዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ጣቢያውን ፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ሲሉት፣ ሰፈሩ በእኛ አፍ «ለገሀር» ሆኖ ቀረ።

ይህ መስመር ቀጭን ነበር። በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነው። ከሀዲዱ ሥር የተጋደመው ርብራብም እንጨት ሳይሆን ብረት ነው። ለምን ቢሉ፣ እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል። ቀጭን ሀዲድ ከባድ ሎኮሞቲቭ አይችልም፤ ይጎብጣል። ሎኮሞቲቩ ቀላል ከሆነ ደግሞ የሚስበው ጭነት ያንሳል። ባቡሩም ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ መውጣት ነበረበት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሌሊት አይሄድም ነበርና፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ 3 ቀን ይፈጅ ነበር። ይህም ቢሆን በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይወስድ ለነበረው ጉዞ ትልቅ እፎይታ ነው።

ትንንሾቹ መስመሮች

ሁሉም ሀዲድ አገር አቋራጭ አይደለም። ለአንድ ማዕድን፣ ለአንድ እርሻ ወይም ለአንድ ፋብሪካ ብቻ የሚሠራ አጭር ሀዲድም አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከዳሎል የሚወጣውን ፖታሽ ወደ መርሳ ፋጡማ ወደብ ለማድረስ እንዲህ ያለ ሀዲድ ተዘርግቶ ነበር። ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ላይ የሚሄድ ሎኮሞቲቭ ትንሽ ነው፤ ሥራው ግን ትንሽ አይደለም።

የፋብሪካ ሎኮሞቲቭ እንደ አካባቢው ይሠራል። በኢንዶኔዥያ በጃቫ ደሴት ያሉ የስኳር ፋብሪካዎች ጭማቂው የተጨመቀውን የአገዳ ገለባ እያነደዱ ሎኮሞቲቮቻቸውን አንቀሳቅሰዋል። ማገዶው ከራሱ ከፋብሪካው የሚተርፍ ነው። ፈንጂ ወይም ነዳጅ ባለበት ፋብሪካ ደግሞ እሳት አደገኛ ስለሆነ፣ እሳት የሌለው ሎኮሞቲቭ ተሠራ። ይህኛው ከፋብሪካው እንፋሎት በጋኑ ይሞላል፤ እስኪያልቅበት ይሠራል፤ ሲያልቅበት ተመልሶ ይሞላል።

ከምፅዋ ወደ አስመራ የሚወጣው ሀዲድ ሌላ ችግር ነበረበት። ዳገቱ ብርቱ ነው፤ ኩርባውም ይበዛል። ብርቱ ዳገት ብዙ እግር ያለው ረጅም ሎኮሞቲቭ ይፈልጋል። ረጅም ሎኮሞቲቭ ግን በጠባብ ኩርባ አይታጠፍም። ስለዚህ እግሮቹ በሁለት ተከፍለው፣ የፊተኞቹ ለብቻቸው የሚታጠፉበት ሎኮሞቲቭ ሥራ ላይ ዋለ። ይህ ዓይነቱ በፈለሰፈው ሰው ስም «ማሌ» ይባላል።

ናፍጣና ኤሌክትሪክ

በ1940ዎቹ ዓ.ም. በጅቡቲ መስመር የናፍጣ ሎኮሞቲቮች እንፋሎቱን መተካት ጀመሩ። ናፍጣ በበረሃ ውሃ ፍለጋን አስቀረ፤ ለሰዓታት እሳት ማንደድንም አስቀረ። ብዙዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ሞተራቸው እግሩን በቀጥታ አያሽከረክርም። ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ኤሌክትሪኩም በእግሮቹ ዘንድ ያሉትን ሞተሮች ያዞራል። እንዲህ ሲሆን ከባድ ጭነት ሳይነጥር ቀስ ብሎ መነሣት ይችላል።

በ2009 ዓ.ም. ከሰበታ እስከ ጅቡቲ አዲስ ሀዲድ ተመረቀ። ይህኛው ስፋቱ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ሎኮሞቲቮቹ ኃይላቸውን የሚያገኙት ከበላያቸው ከተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ነዳጅ አይገዛላቸውም። ነገር ግን መብራት ከጠፋ ይቆማሉ። ፉርጎ ለመለየትና ለመቀጠል ግን በዚህም መስመር የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ያገለግላሉ።

ከመሳብ ማቆም ይከብዳል

ባቡር ለማስነሣት ከባድ ነው፤ ከተነሣ በኋላ ለማቆም የባሰ ይከብዳል። መንገዱ ለስላሳ ነውና ባቡሩ በራሱ ክብደት መንከባለሉን ይቀጥላል። ለዚህ ፍሬኑ በሎኮሞቲቩ ብቻ አይደለም። በየፉርጎው ሥር የታመቀ አየር የያዘ ቧንቧ ያልፋል። ነጂው አየሩን ሲያስተነፍስ የሁሉም ፉርጎዎች ፍሬን በአንድነት ይይዛል። ቧንቧው በአደጋ ቢቆረጥም አየሩ ስለሚተነፍስ ፍሬኑ በራሱ ይይዛል።

ይሁን እንጂ ፍሬን በጊዜው ካልተያዘ ዋጋ የለውም። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ፣ ድልድዩ ዘንድ ባለው ኩርባ ላይ አንድ የመንገደኞች ባቡር ፍጥነቱን ሳይቀንስ ደረሰ። ፉርጎዎቹ ከሀዲዱ ወጥተው ወደ ገደሉ ወደቁ። ከ400 ሰዎች በላይ ሞቱ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ይህ ነው። ኩርባ ከመድረሱ በፊት መቀነስ ለነጂው ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ የመቶዎች ሕይወት ግን በዚህች ትንሽ ሥራ ላይ ነው።

ሎኮሞቲቭን የሚያኖረው እጅ ነው

ወፍጮ ያለው ሰው ይህን ያውቃል። ድንጋዩ ካልተወቀረ፣ ዘይቱ ካልተለወጠ፣ ቀበቶው ካልታየ ወፍጮው በመከር ሰሞን ይቆማል። ሎኮሞቲቭም እንዲሁ ነው።

የጅቡቲው አሮጌ መስመር ዕድሜውን ያገኘው ከድሬዳዋው የጥገና ጋራዥ ነው። በዚያ የሚሠሩ ሰዎች ሎኮሞቲቮችን ፈትተው ያድሱ፣ የጎደለውን ዕቃም ራሳቸው ይቀርፁ ነበር። ሙያው በሥራ ላይ ሽማግሌው ለወጣቱ የሚያስተላልፈው ነበር። በኋላ ሎኮሞቲቮቹ አረጁ፤ መለዋወጫው አነሰ፤ ሀዲዱ ደከመ፤ ጭነቱንም መኪና ወሰደው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ጨርሶ ቆመ። መስመሩን አንድ ቀን የገደለው የለም። ያልተጠገነ ነገር በየዓመቱ እየተደራረበ ነው የገደለው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህም ይሆናል።

የተቃራኒውን ምሳሌ ከጎረቤታችን ከኤርትራ እናገኛለን። የምፅዋና የአስመራ ሀዲድ በጦርነት ፈርሶ፣ ብረቱ ለምሽግ ተወስዶ ነበር። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተጠሩ። ሀዲዱን መልሰው ነጠፉ። የድሮዎቹን የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ጠግነው አስነሡ። በ1995 ዓ.ም. ባቡሩ እንደገና አስመራ ገባ። ማሽኑ አሮጌ ነበር፤ ሙያው ግን በሰዎቹ እጅ ውስጥ አልጠፋም ነበር።

ይህ ነገር ለእኛ ለምዕራብ ሸዋ ሰዎችም ሩቅ አይደለም። በአገር አቀፉ የባቡር መረብ ዕቅድ ውስጥ ከአዲስ አበባ በኢጃጂ በኩል ወደ ጅማ የሚሄድ መስመር ገብቶ ነበር። ሀዲዱ ገና አልተነጠፈም። ቢነጠፍ ግን ጤፉንና ስንዴውን የሚያወጣው ሀዲዱ ብቻ አይሆንም። ሞተሩን አዳምጦ ሕመሙን የሚለይ፣ ብረት የሚበይድ፣ የኤሌክትሪክ መስመር የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሙያ ሀዲዱ እስኪመጣ የሚጠብቅ አይደለም። በወፍጮ ቤት፣ በጋራዥና በቴክኒክ ትምህርት ቤት ዛሬ ሊጀመር ይችላል። ልጁ የወፍጮውን ሞተር ሲፈታ ቆሞ የሚያይ ካለ፣ «አትንካ!» ብሎ ከሚያባርረው፣ መፍቻውን ቢያቀብለው ይሻላል።

መወያያ ጥያቄዎች

1. አንድ ጋሪ በመረሬ ጭቃ ላይ የሚከብደው፣ በአስፋልት ላይ የሚቀለው ለምንድን ነው? ሀዲድስ?
2. ሎኮሞቲቭ አሸዋ ይዞ የሚሄደው ለምንድን ነው?
3. እሳት የሌለው ሎኮሞቲቭ እንፋሎቱን ከየት ያገኛል? የትስ ይጠቅማል?
4. በአካባቢያችሁ ሳይጠገን ቀርቶ የቆመ ወፍጮ፣ የውሃ መሳቢያ ወይም ሌላ ሞተር አለ? በጊዜው ምን ቢደረግ ኖሮ ይድን ነበር?