በአባላቱ ትከሻ ከ8 አስርት ዓመታት በላይ የዘለቀው የአገው ፈረሰኞች ማህበር

የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ የሆነችው የእንጅባራ ከተማ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የፈረሰኞች መናኸሪያ ትሆናለች። ከባንጃ፣ ከአንከሻ፣ ከፋግታ ለኮማ፣ ከዳንግላ፣ ከጓጉሳ ሽኩዳድና ከሌሎችም ወረዳዎች የሚነሱ ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን በግላስና በመረሻት አስጊጠው ወደ ከተማዋ ይተማሉ። ዕለቱ የአገው ፈረሰኞች ማህበር የተመሰረተበት ቀን የሚዘከርበት ሲሆን፣ በጥር 2017 ዓ.ም 85ኛ ዓመቱ ተከብሯል።

በአንዲት አነስተኛ ከተማ ዙሪያ የተቋቋመ ማህበር የሦስት መንግሥታትን መለዋወጥ አልፎ እዚህ መድረሱ በራሱ ትኩረት የሚስብ ነው። ማህበሩ በምን ምክንያት ተመሰረተ? ለዚህን ያህል ዘመን ያቆመውስ ምንድን ነው? የሚሉት ጥያቄዎች ለባህልና ስፖርት ዘርፍ ኃላፊዎች ብቻ ሳይሆን በየደረጃው ላሉ አስፈጻሚ አካላትም ጠቃሚ ትምህርት ያዘሉ ናቸው።

ማህበሩ የተመሰረተው በ1932 ዓ.ም ነው። ዘመኑ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገሪቱን የወረረበትና በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ ሠራዊቱን አስፍሮ የነበረበት ወቅት ነበር። የጎጃም አርበኞች ከወራሪው ጋር በሚፋለሙበት በዚያ ጊዜ የአካባቢው አባቶች የአድዋን ድል መታሰቢያ አድርገው በፈረስ ዙሪያ መሰባሰባቸው ትርጉሙ ከጨዋታ ያለፈ እንደነበር መረዳት አያዳግትም። ማህበሩ ከተመሰረተ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1933 ዓ.ም፣ የኢጣሊያ ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ መኮንኖች በሚመራው ኃይል ተገፍቶ ሁለቱንም ከተሞች ለቅቆ ወጥቷል።

የማህበሩ መነሻ ዓላማ በአድዋ ዘመቻ የተሰለፉ ጀግኖችንና የተሸከሟቸውን ፈረሶች መዘከር ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም በተካሄደው የአድዋ ጦርነት የጎጃም ሠራዊት በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መሪነት መሰለፉ በታሪክ የተመዘገበ ነው። ድሉ የተገኘበት ዕለት የቅዱስ ጊዮርጊስ ወርኃዊ መታሰቢያ እንደነበር ሁሉ፣ ማህበሩም ዓመታዊ በዓሉን የሚያከብረው ወር በገባ በ23ኛው ቀን መሆኑ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

በዚያ ዘመን ፈረስ የጦር ሜዳ አጋር፣ የመልእክት ማድረሻና የክብር መገለጫ ነበር። መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ መባላቸው የዚሁ ባህል ውጤት ነው። በ1940ዎቹ ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ቃኘው የሚለውን ስያሜ ያገኘው ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ነበር።

በአዊ ግን ፈረስ የመኳንንት ብቻ ሆኖ አልቆየም። የአካባቢው አርሶ አደር ፈረስን ለማረሻ ጭምር ይጠቀማል። በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል እርሻ የበሬ ሥራ ሲሆን፣ ገብስና ድንች በሚበቅልባቸው የአዊ ደጋማ ቀበሌዎች ግን ፈረስ ጠምዶ ማረስ የተለመደ ነው። ሙሽራ በፈረስ ይታጀባል፣ ሕመምተኛ በፈረስ ወደ ጤና ተቋም ይደርሳል፣ እህል በፈረስ ወደ ገበያ ይወጣል፣ በለቅሶም ፈረሰኞች ተሰልፈው ሐዘንተኛውን ያጽናናሉ። ስለዚህም የማህበሩ አባል የሚሆነው ሰው ለበዓሉ ብሎ ፈረስ የሚገዛ ሳይሆን፣ ዓመቱን ሙሉ አብሮት የሚሠራውን ፈረስ አስጊጦ ወደ አደባባይ የሚያወጣ አርሶ አደር ነው።

በበዓሉ ዕለት ከሚቀርቡት ትርኢቶች መካከል ጉግስ፣ ሽምጥ ግልቢያና የሰጋር ፈረስ ውድድር ይገኙበታል። በጉግስ ፈረሰኞቹ በሁለት ወገን ተከፍለው አንዱ ዘንግ እየወረወረ ሲያሳድድ፣ ሌላው በጋሻ እየመከተ ያመልጣል። ጨዋታው የጥንቱን የጦር ልምምድ የሚያስታውስ ሲሆን የጋላቢውንም ሆነ የፈረሱን ቅልጥፍና ይፈትናል።

የማህበሩ ተግባር በአንድ ቀን በዓል የሚወሰን አይደለም። አባላቱ በየአካባቢያቸው በደስታና በሐዘን ይረዳዳሉ። ጠብ ሲነሳም ሽማግሌዎች ገብተው ያስታርቃሉ። በተለያዩ ዓመታት የወጡ ዘገባዎች የአባላቱን ቁጥር ከ60 ሺህ በላይ ያደርሱታል። ይህን ያህል ሕዝብ ያለ ደመወዝና ያለ ቀለብ ማስተባበር የቻለው ማህበር ዋነኛ ሀብቱ በእያንዳንዱ አባል በረት ያለው ፈረስ ነው። የፈረሱን መኖ፣ ኮርቻ፣ ልጓምና እርካብ የሚያሟላው ባለቤቱ ራሱ ነው። አንድ አባል ቢደክም ሌላው ይተካል። ወጪው በሺዎች ትከሻ ላይ የተከፋፈለ በመሆኑ አንድ ለጋሽ እጁን ቢሰበስብ ማህበሩ አይፈርስም።

የዚህን አሠራር ጠቀሜታ ለመረዳት የሌሎችን አነስተኛ ከተሞች ተሞክሮ ማየት ይገባል። በሰሜን ምዕራብ ጀርመን የምትገኘው ኳከንብሩክ 13 ሺህ ገደማ ነዋሪዎች ያሏት ከተማ ነች። አርትላንድ ድራገንስ የተባለው የከተማዋ የቅርጫት ኳስ ክለብ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ አገሪቱ ከፍተኛ ሊግ አደገ። እ.ኤ.አ. በ2007 በሊጉ ለዋንጫ ጨዋታ ደርሶ ሁለተኛ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የጀርመንን ጥሎ ማለፍ ዋንጫ አነሳ። ይሁንና ክለቡ በዋናነት የተደገፈው በአንድ ባለሀብት ነበር። ባለሀብቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ድጋፋቸውን ሲያቆሙ ክለቡ በከፍተኛው ሊግ የመጫወት ፈቃዱን ለመተው ተገደደ።

ሆኖም ክለቡ ጨርሶ አልጠፋም። ወጣት ተጫዋቾቹን ይዞ በ3ኛው እርከን እንደገና ጀመረ። ይህን ያስቻለው ከሙያተኛው ቡድን ጀርባ የነዋሪዎች ማህበር መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት አንድ ማህበር ለመመዝገብ ቢያንስ 7 አባላት ያስፈልጉታል። አብዛኞቹ የአገሪቱ የስፖርት ክለቦች የተፈጠሩትም በዚህ መንገድ ነው። ገንዘቡ ሲሄድ ማህበሩ ግን ቀረ።

በአገራችንም ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሁኔታ አለ። የበርካታ እግር ኳስ ክለቦች መጠሪያ የሆነው «ከነማ» የከተማ ነዋሪዎች ማህበር የሚለው ስያሜ አህጽሮት ነው። በተግባር ግን የአብዛኞቹ ዋነኛ የገቢ ምንጭ የነዋሪዎች መዋጮ ሳይሆን የከተማ አስተዳደር በጀት ነው። በ2010 ዓ.ም የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ያሸነፈው ጅማ አባ ጅፋር ከ4 ዓመት በኋላ ከሊጉ መውረዱ የአንድ ወቅት ድል ለዘለቄታው ዋስትና እንደማይሆን ያመለክታል። ስሙ የነዋሪዎች ሆኖ ወጪው የመንግሥት ብቻ የሆነ ክለብ በጀት በተጣበበ ቁጥር ህልውናው ይናጋል።

ማህበር ምን እንደሆነ ሕጉም በግልጽ አስቀምጦታል። የ1952 ዓ.ም የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 404 ማህበርን ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ትርፍ ከማግኘት ሌላ ለሆነ ግብ የሚያቋቁሙት ኅብረት አድርጎ ይተረጉመዋል። መሠረቱ የአባላቱ ፈቃድ ነው። በመሆኑም የመንግሥት አካላት ድርሻ መደገፍ እንጂ የማህበሩን ቦታ መተካት ሊሆን አይገባም።

ይህ ልዩነት በተለይ አሁን ትኩረት ይሻል። የፈረሰኞቹ በዓል በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በማይዳሰስ ቅርስነት እንዲመዘገብ ጥረት ሲደረግ ቆይቷል። ኢትዮጵያ ከዚህ ቀደም መስቀልን በ2006፣ ፍቼ ጨምበላላን በ2008፣ የገዳ ሥርዓትን በ2009፣ ጥምቀትን በ2012፣ ሹዋሊድን ደግሞ በ2016 ዓ.ም አስመዝግባለች። ለምዝገባ ከሚጠየቁት መስፈርቶች መካከል የባለቤቱ ማህበረሰብ ተሳትፎና ነጻ ፈቃድ፣ እንዲሁም ቅርሱ እንዳይጠፋ የሚደረግ የጥበቃ እርምጃ ይገኙበታል። የበዓሉ ድምቀት ብቻውን በቂ አይደለም።

ጥበቃ ሲባል ከፈረሱ መጀመር ይኖርበታል። የሕዝብ ቁጥር በጨመረ መጠን የግጦሽ መሬት እየጠበበ ነው። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የተባለው የግራር ዝርያ ለአርሶ አደሩ ጥሩ ገቢ ቢያስገኝም፣ ቀድሞ ለእርሻና ለግጦሽ ይውል የነበረውን መሬት ይሻማል። በከተሞች ባጃጅ የጋሪን ሥራ ተረክቧል። ፈረስ በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ሲቀንስ፣ ለዓመት በዓል ብቻ የሚቀለብ ፈረስ ለአርሶ አደሩ ሸክም ይሆናል።

የጤናው ጉዳይም ሌላው ነው። በጥቃቅን በራሪ ነፍሳት የሚተላለፈው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ፈረስን በአጭር ጊዜ ይገድላል። ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የበሽታውን ክትባት የሚያመርት በመሆኑ፣ ዋናው ሥራ ክትባቱን በወቅቱ ወደ ቀበሌ ማድረስ ነው። በቆላማ አካባቢዎች ደግሞ ገንዲ ፈረስ ማርባትን አስቸጋሪ ያደርገዋል።

ከዚህ አኳያ ለበዓሉ ዝግጅት ከሚመደበው ገንዘብና ጉልበት ጎን ለጎን ለወል ግጦሽ ጥበቃ፣ ለክትባትና ኮርቻና ልጓም ለሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች ትኩረት መስጠት ተገቢ ይሆናል። መድረክ፣ ድንኳንና የክብር እንግዳ በአንድ ቀን የሚያበቁ ናቸው። የግጦሽ መሬትና የእንስሳት ጤና አገልግሎት ግን ፈረሱን ለከርሞ ያደርሱታል።

የአገው ፈረሰኞች ማህበር በጦርነት ዘመን ተመስርቶ እስከ ዛሬ የዘለቀው ባለ ፈረሶቹ የራሳቸው አድርገው ስለያዙት ነው። የመንግሥት አካላትም ይህን የባለቤትነት ስሜት ሳይነኩ ፈረስ ማርባትን የሚያቀል ድጋፍ ካደረጉ፣ ማህበሩ መጪውን ትውልድ ለመቀበል የሚያስችል አቅም አለው።