ስለ ንብ ርባታና ስለ ገጠር ወጣቶች ሥራ

ልጆች ሆይ፤ በማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ስትመጡ በቦሌ ሚካኤል መንገድ ዳር ቆመው የቀን ሥራ የሚጠባበቁ ወጣቶችን ታያላችሁ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። አገራቸውን የተዉበት ምክንያት ስንፍና አይደለም። የአባት መሬት ለወንድማማች ሲከፋፈል እየጠበበ ሄደ፤ ለታናሹ የሚደርሰው ቁራሽ በሬ እንኳ የሚዞርበት አይደለም። እንግዲህ መሬት የሌለው ልጅ ምን ሠርቶ ይብላ?

ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ ንብ ነው። ንብ እርሻ አትፈልግም፤ አበባው የማንም ቢሆን ትቀስማለች፥ የጎረቤት ወሰንም አያግዳትም። ቀፎው የሚቆምበት ጥቂት ስፍራ ብቻ ይበቃል፤ ለማረሻ የማይመች ገደላማ ተራራም ቢሆን ለእርስዋ መልካም ነው።

ንብ ማነብ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ንጉሥ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች እንደ ከበቡት፥ ስሙም በአገውኛ «ንብ ንግሥናውን ዐወቀች» ማለት እንደ ሆነ ይነገራል። ከአፍሪካ አገሮችም በማር ብዛት ኢትዮጵያ ፊተኛይቱ ናት። አባቶቻችን የቀፎውን አለቃ «አውራ» ይሉታል፤ ወንድ ይመስላቸው ነበርና። ነገር ግን እንስት ናት፤ አበባ በሞላበት ወራት በአንድ ቀን ከ1 ሺህ በላይ ዕንቁላል ትጥላለች። በመስከረም አደይ አበባ ምድሩን ሲሸፍን ሠራተኞቹ ንቦች ሲቀስሙ ይከርማሉ፤ በጥቅምትና በኅዳርም ማሩ ይቆረጣል።

የቀድሞው ቀፎ ከሸምበቆ ወይም ከሐረግ ተሠርቶ በጭቃና በእበት ይለቀለቃል፤ በዛፍ ላይም ይሰቀላል። ከእርሱ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ማር ይገኛል። ማሩ ሲቆረጥ ግን እንጀራው ይፈርሳል፥ ንቦቹም እንደ ገና ሊሠሩት ብዙ ማር ይበላሉ። በ1851 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ላንግስትሮት የሚባል አሜሪካዊ ቄስ አንድ ነገር አስተዋለ። ንቦች በእንጀራና በእንጀራ መካከል ከ1 ሳንቲ ሜትር ጥቂት የሚያንስ መተላለፊያ ይተዋሉ። ክፍተቱ ከዚያ ቢጠብ በሙጫ ይደፍኑታል፤ ቢሰፋም ሌላ እንጀራ ይሠሩበታል። ስለዚህ ያን ልክ የጠበቁ ክፈፎች ያሉበት ሣጥን ሠራ። ክፈፉ ይወጣል፥ ማሩ በሚሽከረከር መኪና ይወጣል፥ እንጀራውም ሳይፈርስ ወደ ቀፎው ይመለሳል። በአገራችን እንዲህ ካለው ሣጥን በደኅና አያያዝ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይገኛል።

ሌላም ጥቅም አለው። ቀፎ በዛፍ ላይ ይሰቀል በነበረ ጊዜ ሥራው የወንዶች ብቻ ነበረ። ሣጥኑ ግን በመሬት ላይ በመቆሚያ ይቀመጣልና፥ እኅቶቻችሁም ያለ ችግር ይሠሩበታል።

መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ የሆነ ኢሲፔ የሚባል የነፍሳት ምርምር ማዕከል አለ። የኢትዮጵያ ቢሮው ከቦሌ ሚካኤል ብዙ ሳይርቅ በጉርድ ሾላ ነው። ይህ ማዕከል ማስተርካርድ ፋውንዴሽን ከሚባል የካናዳ ድርጅት ጋር ሆኖ በ2016 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የገጠር ወጣቶችን በማርና በሐር ሥራ ማሰልጠን ጀመረ። በአማራ ክልል በአዊ ዞንና በሌሎችም ስፍራዎች ወጣቶች በማኅበር ተሰባሰቡ። ኋላም ዕቅዱ ሰፍቶ 100 ሺህ ወጣቶችን ሥራ ለማስያዝ ታሰበ፤ ከእነርሱም የሚበዙት ሴቶች እንዲሆኑ። ከብት እንዳይገባባቸው የተከለሉ ተራሮች በየአገሩ ለእንዲህ ያሉ ማኅበሮች ይሰጣሉ፤ ወጣቶቹም አበባው እንዳይጠፋባቸው ተራራውን ይጠብቃሉ።

ይሁን እንጂ ሣጥን ብቻውን ማር አይሰጥም። በብዙ ስፍራ ሣጥኑ ታድሎ ትምህርቱ ስለ ቀረ፥ ባዶውን ቆሞ ጉንዳን ሠፍሮበታል። ንብ አርቢ ጢስ ሲያጨስ ልክ ማወቅ አለበት። ንቦች ጢስ ሲሸታቸው እሳት የመጣ መስሏቸው ሆዳቸውን ማር ይሞላሉ፥ የጠገበች ንብም እንደ ተራበችው አትናደፍም፤ ጢሱ ሲበዛ ግን ማሩን ያበላሸዋል። በመቆሚያው እግር ሥር ዐመድ ይነሰንሳል፤ አበባ በሌለበትም ወራት ይመግባቸዋል። ማሩን ሁሉ ጠርጎ የሚወስድ ሰው ንቦቹ ተሰድደውበት ባዶ ቀፎ ታቅፎ ይቀራል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የተባይና የአረም መድኃኒት ነው። ገበሬው ስንዴውን ወይም ጤፉን ለማዳን ቀትር ላይ ይረጫል፤ በዚያን ሰዓት ንቦች በአበባው ላይ ናቸው። በማግሥቱ ወጣቱ ከቀፎው ደጃፍ የሞቱትን ንቦች በእፍኝ ያፍሳል፤ የዓመት ድካሙም በአንድ ቀን ይጠፋል። ገበሬው ክፉ ሰው አይደለም፤ እርሱም ልጆቹን ሊያበላ ይደክማል። ስለዚህ ንብ አርቢው አስቀድሞ ወደ ገበሬው ቤት ይሄዳል፤ «ጋሼ፥ የሚረጩበትን ቀን ይንገሩኝ» ብሎ ይለምናል። ገበሬውም ፈቃዱ ከሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ፥ ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ ይረጫል፤ ወጣቱም በማግሥቱ እስከ ረፋድ ድረስ የቀፎውን አፍ ይዘጋል።