አሮጌ የሮታሪ ሞተር መኪና፦ ከግዢ በፊትና በኋላ

ማዝዳ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 2002 ያመረታትን አርኤክስ-7 ለመግዛት ላሰበ ሰው ምክሬ አንድ ነው፤ ከቀለሟ አስቀድሞ ኮምፕሬሽኗን፣ ማለትም የሞተሩን የእመቃ ግፊት፣ ያስለካ። በሮታሪ ሞተር ፒስተን የለም፤ ባለሦስት ማዕዘን ሮተር በቤቱ ውስጥ ይዞራል። በማዕዘኖቹ ጫፍ ያሉት ቀጫጭን ማሸጊያዎች ሲያልቁ ግፊቱ ይወርዳል፤ የጋለው ሞተርም ከጠፋ በኋላ አልነሣ ይላል። ተራ መለኪያ ከሦስቱ የሮተር ገጾች ከፍተኛውን ብቻ ስለሚያሳይ፣ እያንዳንዱን ለይቶ የሚያነብ መሣሪያ ያስፈልጋል። ሞተሩ ማሸጊያዎቹን ለማለስለስ ጥቂት ዘይት እንዲያቃጥል ሆኖ ተሠርቷል፤ ስለዚህ የዘይቱ መጠነኛ መቀነስ ብልሽት አይደለም፤ ሳይለኩና ሳይሞሉ መንዳት ግን ሞተሩን መግደል ነው። ማሸጊያ ለመቀየር ሞተሩ ወርዶ መፈታት አለበት፤ በርካሽ የተገዛች መኪና ውድ የምትሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።