ሐሞንድና ሌስሊ፦ ትራንስፎርመር የማይፈታው ጣጣ

የዋሊያስ ባንድን «ቸበለው» የሰማ ሰው የኃይሉ መርጊያን ኦርጋን አይረሳም። አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ ባንዱ አዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት በነበረበት ዘመን። ኃይሉ በኋላ ዋሽንግተን ቀርቶ ታክሲ ሲነዳ እንኳ ኪቦርዱን ከመኪናው አልለየም። ሙዚቃችን ኦርጋንን እንዲህ የራሱ ካደረገ በኋላ ስለ ኦርጋኖች አውራ ስለ ሐሞንድ በአማርኛ ብዙም አለመጻፉ ይቆጨኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አሜሪካዊው ሎረንስ ሐሞንድ እ.ኤ.አ. በ1935 ለገበያ ባቀረበው በዚህ ኦርጋን ውስጥ ዳርቻቸው የተሞረደ ትናንሽ የብረት ጎማዎች በማግኔትና በሽቦ ጥቅል ፊት ይሽከረከራሉ፤ ድምፁ የሚወለደው ከዚያ ነው። ቢ-3 የተባለው ዝነኛው ሞዴል 91 ጎማ አለው፤ ከነመቀመጫውና ከነፔዳሉ 190 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከጋፋት አንሥቶ መቅደላ ላደረሰ አገር ይህ ሸክም አይደለም።

ሌስሊ ደግሞ ድምፁ የሚወጣበት የእንጨት ሣጥን ነው። ዶናልድ ሌስሊ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ገበያ ላይ ሲያውለው ሐሞንድ ፈጽሞ አልወደደለትም። ብዙ ሰው ስፒከሩ የሚዞር ይመስለዋል። ስፒከሮቹ ግን ንቅንቅ አይሉም። የሚዞሩት ከላይ ለቀጭኑ ድምፅ ጡሩምባ፣ ከታች ለወፍራሙ ከበሮ መሰል ነገር ናቸው፤ ሁለቱም በቺንጋ እየተጎተቱ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ። ጡሩምባው ሁለት አፍ ያለው ቢመስልም ድምፅ የሚወጣው ከአንዱ ብቻ ነው፤ ሌላው ሚዛን እንዲጠብቅ የተቀመጠ ድፍን ነው። ከጋይንት የሚመጣ አይሱዙ ክላክስ እያሰማ ሲያልፋችሁ ድምፁ ሲቀርብ ቀጥኖ ሲርቅ ይወፍራል፤ የጡሩምባው አፍም ወደ ጆሮ እየመጣና እየሸሸ እንደዚያው ያደርጋል።

ፍጥነቱ ሁለት ነው፤ ዘገምተኛና ፈጣን። ውበቱ ግን ያለው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ነው። ቀላሉ ጡሩምባ ወዲያው ይፈጥናል፤ ከባዱ ከበሮ ጥቂት ሰከንድ ዘግይቶ ይከተላል። ባለፈው ጥር ደብረ ታቦር ሠርግ ላይ አንድ ወጣት ይህንኑ ድምፅ በሚያስመስል ኪቦርድ ሲጫወት ሰማሁ። እጁ ደስ ይላል፤ ፈጣኑን ግን አንዴ ከከፈተው በኋላ እስከ መጨረሻው አልዘጋውም። በትዝታ ላይ ይህ ግፍ ነው። ዘፋኙ ሲያዜም ዘገምተኛው ላይ ቆዩ፤ እሱ ሲያርፍ ረጅሙን ድምፅ ይዛችሁ ወደ ፈጣኑ ልቀቁት፤ ከዚያ መልሱት።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልምጣ። ከአሜሪካ ዕቃ የሚያመጣ ሁሉ ስለ 110 ቮልት ያውቃል። ትራንስፎርመር ይገዛል፣ ይሰካል፣ ኦርጋኑም ይነሣል። ከዚያ አኮርዲዮን ሲገባ ሁሉም ነገር ይበላሻል። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ፣ የኛ 50 ነው፤ የሐሞንድ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይነካም። ስለዚህ ጎማዎቹ ሁሉ ከፍጥነታቸው አንድ ስድስተኛውን ያጣሉ፤ ድምፁም ከሦስት ግማሽ ድምፅ ትንሽ አልፎ ይወርዳል። «ሦስት ቁልፍ ወደ ላይ ወጥቼ እጫወታለሁ» የሚሉኝ አሉ። ያቺ ትንሿ ትርፍ ግን ትቀራለች፤ አኮርዲዮን ደግሞ ለማንም ዝቅ አይልም። ጎማዎቹ በጥርስ የተያያዙ ስለሆኑ ኦርጋኑ ከራሱ ጋር አይጣላም፤ ባቲውም አንቺሆዬውም እንዳለ ነው። መሰንቆ ብቻ ከሆነ አጃቢው፣ አዝማሪው ጭራውን አላልቶ ይገናኘዋል።

መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሣ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ስታቢላይዘርም ቢሆን የሚጠብቀው ቮልትን ነው። ጄኔሬተር በዘገመ ቁጥር ኸርዙ ይወርዳል። አንድ ወዳጄ ቤት ኦርጋኑ በተሰካበት ጄኔሬተር ላይ የእንጀራ ምጣድ ሰኩበት፤ ሞተሩ አጓራ፣ የተያዘውም ድምፅ ወደ ታች ተንሸራተተ። ምጣዱ ሲነቀል ተመልሶ ወጣ። እባካችሁ፣ ምጣዱን ለብቻው!

መፍትሔ ግን አለ። ከመግዛታችሁ በፊት ኦርጋኑ ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካ ሰሌዳ አንብቡ፤ ለ50 ኸርዝ የተሠራ ሐሞንድ አለ። የ60 ከሆነ ከባትሪ 60 ኸርዝ የሚሰጥ፣ ሞገዱ ንጹሕ የሆነ ኢንቨርተር ፈልጉ፤ ሌስሊውንም ከዚያው ስኩት።

ዘይት በዓመት አንዴ ይበቃል፤ ለዚሁ የተሠራው ቀጭኑ ብቻ። የመኪና ዘይት የሚያፈሱበት አሉ። ዘይቱ ወደ ጎማዎቹ የሚደርሰው በቀጫጭን ክሮች ተመጥጦ ነው፤ ወፍራሙ ክሩን ደፍኖ ይቀራል፣ በጉና ብርድ ደግሞ ይብስበታል። ሲያስነሡት «ስታርት» የሚለውን ማብሪያ ስምንት ሰከንድ ያህል ይዞ፣ «ረን»ን ጨምሮ ሁለቱን አራት ሰከንድ ያህል ማቆየት፣ ከዚያ ስታርትን መልቀቅ ነው። ጎማዎቹ ካልያዙ ደጋግማችሁ አታስገድዱት፤ አጥፉት፣ ቀጭኑን ዘይት ጨምሩና እስኪመጠጥ ጥቂት ቀን ጠብቃችሁ ሞክሩ።