ውሃና አየር በድሮው ላንድክሩዘር ሞተር ውስጥ

አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ውሃ ለመፍላት 100 ዲግሪ አይጠብቅም፤ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ሻይ ለሚያፈላ ሰው ይህ ምንም ለውጥ የለውም። ሞተሩን አሠርቶ አሮጌ ላንድክሩዘሩን ከጋራዥ ለሚያወጣ ሰው ግን ብዙ ነገር ይወስናል። የሞቀውን ውሃ ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው ቴርሞስታት በነዚህ መኪኖች ላይ ብዙውን ጊዜ መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ፣ ቴርሞስታቱ ከሚከፈትበት ሙቀት እስከ መፍላት ያለው ርቀት 13 ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው። የጉሙዝና የበርታ ቆላ ደግሞ ለሞተር የሚራራ አገር አይደለም።

ቶዮታ ላንድክሩዘር 40ን እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ሠርቶ ቦታውን ለላንድክሩዘር 70 አስረከበ። አሶሳ ከተማ ውስጥ፣ በባምባሲና በሼርቆሌ መንገድ የምናየው ነጩ መኪና ይኸው ተተኪው ነው። ክብ መብራት ያለው አሮጌው 40 እየተመናመነ ቢሄድም፣ ያለው ሰው በቀላሉ አይለቀውም፤ መለቀቅም የለበትም። በዚያ ሞተር ላይ ምንም የተሰወረ ነገር የለም። ኮፈኑን የከፈተ ሰው ራዲያተሩን፣ ቬንትሌተሩን፣ በቺንጋ የሚዞረውን የውሃ ፓምፕና ወፍራሞቹን የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ ያያቸዋል። ሲሞቅ የሚያስጠነቅቅ ኮምፒዩተር የለውም፤ ያለው ዳሽቦርዱ ላይ ያለች አንዲት ቀስት ናት። ቀስቷ ደግሞ ልትዋሽ ትችላለች፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

በነገራችን ላይ፣ አገራችን ውስጥ ያረጁት መኪኖች ሁሉ ውሃ የሚጠጡ አይደሉም። ኤንትሬ ብለን የምንጠራው የፊያት ጭነት መኪና ይጠጣል። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባት ቮልስ ግን ጠብታ ውሃ የላትም፤ ሞተሯ በንፋስ ነው የሚቀዘቅዘው። ዛሬ አሶሳን የሞላው ባጃጅም እንደዚያው በንፋስ የሚበርድ ነው። ከቮልስ ወይም ከባጃጅ ወደ ላንድክሩዘር የተሻገረ ባለንብረት ስለዚህ የውሃውን ሥራ እንደ አዲስ ሊማረው ይገባል።

ነዳጅ ሲቃጠል ከሚወጣው ሙቀት ሢሶው ያህል በውሃው በኩል ነው የሚወገደው። ውሃው በብሎኩ ግድግዳና በቴስታታው ውስጥ ባሉ ጠባብ መተላለፊያዎች እየዞረ ሙቀቱን ያነሣል፤ ራዲያተሩ ላይ ለንፋስ ያስረክባል። አየር ይህን ማድረግ አይችልም። አንድ ጭብጥ አየር በቴስታታው ማዕዘን ላይ ተቀብሮ ከቀረ፣ ያ ቦታ ውሃ አይነካውም፤ ብረቱ ይግላል፤ ዙሪያው ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ይለወጥና የአየሩን ጉድጓድ ያሰፋዋል። አዲሱ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ይባስ ብሎም ቴስታታው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። የሙቀት መለኪያዋ ሴንሰር በአየር ውስጥ ከቀረች ደግሞ ቀስቷ መሐል ላይ ተረጋግታ ትቆማለች፤ ሞተሩ እየነደደም ሹፌሩ ሰላም ይመስለዋል። ውሸቷ ይህ ነው።

ሞተር ሲጠገን ሁሉም ነገር ባዶ ይሆናል። ቴስታታ ሲነሣ፣ ጓርኒሲዮን ሲለወጥ፣ ፓምፕ ሲፈታ፣ ውሃ የነበረበት ቦታ ሁሉ በአየር ይሞላል። ቀናት የፈጀው ሥራ ተጠናቆ ቡሎኖቹ በሥርዓት ከጠበቁ በኋላ የሚቀረው ውሃ መሙላት ነው፤ በብዙ ጋራዥ ይህ ሥራ ጀሪካን ይዞ ለቆመው ረዳት ይተዋል። በጽኑ የምቃወመው ልማድ ይህ ነው። ውሃ መሙላት የሞተር ሥራው አካል ነው፤ ቴስታታውን ያጠበቀው እጅ ራሱ ሊሠራው፣ ረዳቱም አጠገቡ ቆሞ ሊማርበት ይገባል።

ከመሞላቱ በፊት ውስጡ ይታጠባል። የራዲያተሩን ታችኛ ማፍሰሻ ብቻ ከፍቶ መተው አይበቃም፤ በብሎኩ ጎን ያለው የማፍሰሻ ቡሎንም ይፈታል፤ አሮጌው ዝገትና ደለል የሚተኛው እዚያ ነውና። የሚወጣው ውሃ ንጹሕ እስኪሆን ይለቀቃል። ቴርሞስታቱ ከመገጠሙ በፊት ይፈተናል፤ በድስት ውሃ ውስጥ በክር አንጠልጥሎ ቴርሞሜትር ይዞ ማሞቅ በቂ ነው። የአሶሳ ውሃ ከመፍላቱ በፊት የ82 ዲግሪው ቴርሞስታት አፉን መክፈት አለበት። ሲገጠምም ጠርዙ ላይ ያለችው ትንሽ የአየር ማለፊያ ወደ ላይ ትሁን፤ የታመቀው አየር ሽቅብ የሚያመልጠው በእርሷ በኩል ነው።

ቆላ አገር ነው ብለው ቴርሞስታቱን ጭራሽ አውጥተው የሚጥሉ አሉ። ሞተሩ ሲሞቅባቸው መድኃኒቱ ይህ ይመስላቸዋል። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ ጠዋት ቶሎ አይሞቅም፤ ነዳጅ ይበላል፤ ውስጡም ቶሎ ያልቃል። የደፈነው ራዲያተር ወይም የላላው ቺንጋ ግን እንደታመመ ይቀራል፤ በሽታው ተሸፈነ እንጂ አልዳነም።

አሁን ውሃው ይገባል። መኪናው አፍንጫው ወደ ላይ በሚያይበት ተዳፋት ላይ ይቁም፤ አየር ምንጊዜም ወደ ላይኛው ቦታ ይሄዳልና፣ የራዲያተሩ አፍ ከሁሉም በላይ መሆን አለበት። የሂተሩ መዝጊያ ይከፈት። ሙቀት ባለበት አገር ሂተር ማን ይፈልጋል የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን የሂተሩ ቱቦ ከተዘጋ ውስጡ የቀረው አየር አንድ ቀን ሲከፈት ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። አፈ ጠባብ እንስራ በኃይል ሲቀዳበት እየተንቦቀቦቀ እንደሚተፋ ሁሉ፣ ራዲያተርም በጀሪካን ሲጎርፍበት የሞላ ይመስላል እንጂ አይሞላም። በቀጭኑ ማፍሰስ፣ ላይኛውን ወፍራም ቱቦ በእጅ ጨምቆ መልቀቅ፣ አረፋ ሲወጣ መጠበቅ፣ መጨመር። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ላንድክሩዘር ከ15 ሊትር በላይ ይወስዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የወጣውንና አሁን የገባውን መለካት ጥሩ ምስክር ነው፤ ብዙ ሊትር ከጎደለ ቦታውን አየር ይዞታል።

ክዳኑ ሳይደረግ ሞተሩ ይነሣና በሚኒሞ ይቆማል። ለጥቂት ጊዜ ምንም አይታይም። ከዚያ ቴርሞስታቱ ሲከፈት፣ ላይኛው ቱቦ ድንገት ይሞቅና የራዲያተሩ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ መልካም ምልክት ነው፤ የጎደለው ይጨመራል፤ አረፋው እስኪቆም ይጠበቃል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም አረፋው ሳያቋርጥ ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የሚቃጠለው ጋዝ በጓርኒሲዮኑ በኩል ወደ ውሃው እየገባ ሊሆን ስለሚችል መንዳት ሳይጀመር ይጣራ።

ክዳኑን እንደ ተራ መዝጊያ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። ላዩ ላይ 0.9 ተጽፎ ታያላችሁ፤ ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ጤነኛ ክዳን በአሶሳ ከፍታ የውሃውን መፍላት ከ95 ወደ 115 ዲግሪ ገደማ ያሸጋግረዋል። ያ የ13 ዲግሪ ጠባብ ርቀት ከ30 በላይ ይሆናል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ያንን ሁሉ ያሳጣል። ለሞተር ሥራ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ አሮጌውን ክዳን መልሶ መግጠም ያሳዝነኛል።

ስለሚሞላው ፈሳሽም ልናገር። አሶሳ ውርጭ የለም፤ ስለዚህ ኩላንት አያስፈልግም የሚል ክርክር ይሰማል። ኩላንት ግን ውሃ እንዳይረጋ ብቻ አይደለም የሚጨመር፤ ዝገት ይከላከላል፣ የመፍላት ነጥቡንም ከፍ ያደርጋል። ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ የተለመደው መጠን ነው። የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ይተዋል፤ ማዕድኑ በራዲያተሩ ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ እንደ ቅርፊት ይጋገራል። የተጣራ ውሃ ባትሪ ከሚሸጡ ሱቆች ይገኛል፤ ግን ጠርሙሱን አንብቡ፤ የባትሪ አሲድም እዚያው መደርደሪያ ላይ ሊሆን ይችላል። ቀለም አይታችሁ አትቀላቅሉ፤ የኩላንት ቀለም ለሁሉም አምራች አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። ራዲያተሩ ከመዳብና ከነሐስ ለተሠራ አሮጌ መኪና የድሮ መኪና አፍቃሪዎች የሚመርጡት የቀድሞውን ዓይነት አረንጓዴ ኩላንት ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ከከተማ አይራቅ። ወደ ኩርሙክ መውረድ ወይም ጭነት ይዞ የዴዴሳን ሸለቆ ወጥቶ ወደ ነቀምት መሄድ ለሌላ ቀን ይቆይ። ወደ ቆላ ሲወረድ ውሃው የሚፈላበት ሙቀት ትንሽ ከፍ ማለቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ራዲያተሩን የሚነካው አየር ራሱ ስለሚሞቅ ያ ትርፍ አይታይም። ከባዱ ፈተና ዳገቱ ነው፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ይጮሃል፣ የሚገባው ንፋስ ግን ጥቂት ነው። በመንገድ ላይ ከፈላ ሞተሩ ይጥፋ፤ ክዳኑ እስኪበርድ አይነካ። ግፊት ያለበት ውሃ ክዳኑ እንደላላ ፊትና እጅ ይልጣል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ የወንዝ ውሃ መጨመር ደግሞ ቴስታታውን ይሰነጥቃል።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ጨርሶ ሲበርድ፣ ክዳኑ ይከፈትና የጎደለው ይሞላል፤ ሌሊቱን ሲበርድ የቀረው አየር ወደ ላይ ስለሚሰበሰብ መጉደሉ አያስደነግጥም። የቱቦዎቹ ፋሸታዎች አንድ ጊዜ ይጥበቁ። ከሳምንት በኋላም መጉደሉ ካላቆመ የሚያንጠባጥብ ቦታ አለና ይፈለግ።

ከመኪናው የወጣው አሮጌ ኩላንት መሬት ላይ አይፍሰስ። ውስጡ ያለው ግላይኮል ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዝ ነው። ከጋራዡ ደጅ የሚያልፍ ፍየል፣ ውሻ ወይም ሕፃን ሊቀምሰው ይችላል። ክዳን ባለው ጀሪካን ተዘግቶ፣ ላዩ ላይ ተጽፎበት፣ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።