ቁልፍ የጠየቀኝ የዶርም ጓደኛዬ

እስቲ እናንተ ወንዶች፣ ታክሲ ውስጥ ከጎናችሁ የተቀመጠችውን ቆንጆ «ምን ትማሪያለሽ?» ብላችሁ ወሬ ጀመራችሁ እንበል። እሷም በተራዋ «አንተስ?» ስትላችሁ «ማቲማቲክስ» በሏት። አለቀ! «እ...» ትልና ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ሕክምና ወይም ኢንጂነሪንግ ቢሆን ኖሮ ወሬው እስከ ፒያሳ ይቀጥል ነበር። የሂሳብ ተማሪ ግን ወይ ቀለሜ ነው፣ ወይ ነካ ያደርገዋል ተብሎ ይታማል። በሰማሁት ሳይሆን በደረሰብኝ ነው የምናገረው።

እኔ ራሴ ሂሳብ የገባሁት ወድጄ አይደለም። ጊዜው 1991 ዓ.ም. ነው። የዩኒቨርሲቲውን ስም ይቅር። ፍሬሽማን ጨርሰን ዲፓርትመንት ስንሞላ ሂሳብን የጻፍኩት ቦታውን ባዶ ላለመተው ያህል በመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበር። ምደባው ሲለጠፍ ታዲያ ስሜን ከላይ እስከ ታች ፈልጌ ያገኘሁት እዚያው ነው! ከጎኔ አንድ ቀጭን ልጅ ጣቱን የራሱ ስም ላይ አሳርፎ በደስታ ይፍለቀለቃል። «ደረሰኝ!» ይላል። ሂሳብን በአንደኛ ምርጫ የሞላው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በዚያው ዓመት የዶርም ጓደኛዬ ሆነ። እኔ ታች አልጋ፣ እሱ ላይ።

ይህ ልጅ የመጣው ከአንዲት ትንሽ የክፍለ ሀገር ከተማ ነው። እዚያ «ጎበዙ» ነበር የሚባለው። አስተማሪ ሲቀር ሰሌዳ ላይ ወጥቶ የሚያስረዳው እሱ፣ የሰፈሩን ልጆች የሚያስጠናው እሱ። በሕይወቱ አንድም ቀን ሰው ጠይቆ አያውቅም። ሁሌ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ሁለተኛ ዓመት ላይ የሚመጣውን ጣጣ ያየው ያውቀዋል። እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ ሂሳብ ማለት ፎርሙላ ይዞ መልሱን ማውጣት ነው። እዚህ ግን «ኤክስን ፈልግ» የሚለው ነገር ይጠፋና በምትኩ «አረጋግጥ» ይመጣል። መልሱ ተሰጥቷችኋል፤ ለምን እውነት እንደሆነ ማስረዳት የናንተ ፈንታ ነው። ኤፕሲሎንና ዴልታ የሚባሉ ሁለት የግሪክ ፊደላት ስንቱን ጎበዝ እንቅልፍ ነሱት መሰላችሁ! መምህራችን «ይሄ ግልጽ ነው» ይሉና ሰሌዳውን ያጠፋሉ። «ጥያቄ?» ሲሉ ክፍሉ ጸጥ ይላል። አንዱ ከኋላ እጁን ቢያወጣ ሌላው ሙድ ይይዝበታል። ስለዚህ ሁላችንም «ገብቶናል»።

እኔን ያወጣኝ ጉብዝና አይደለም። የመጀመሪያው ሚድ ላይ ከ40 ዘጠኝ አመጣሁ። የዚያን ቀን ማታ ባዶ ክፍል ፍለጋ ስዞር ሦስት የክፍሌ ልጆች ሰሌዳ ፊት ቆመው ይጨቃጨቃሉ። እነሱም ያመጡት ከኔ ብዙ አይበልጥም። አፍሬ አፍሬ «እኔ እኮ አልገባኝም» አልኳቸው። «እኛስ መች ገባን!» ብለው ጠመኔውን ሰጡኝ።

ከዚያ በኋላ ያ ክፍል ቤታችን ሆነ። ጠመኔ ከየክፍሉ እየለቃቀምን፣ ከካፌ በኪሳችን ይዘን የወጣነውን ዳቦ እየገመጥን እስከ እኩለ ሌሊት። አንዱ ወጥቶ ይጽፋል፣ ሌሎቹ ለማፍረስ ይረባረባሉ። «ይሄን ከየት አመጣኸው?» «ዜሮ ቢሆንስ?» ስድብ አለ፣ ሳቅ አለ፣ ኩርፊያም አለ። መብራት ሲጠፋ በጨለማ በቃላችን እንቀጥላለን። ችስታ ስለነበርን ሌላ መዝናኛም አልነበረንም።

ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ አንዲት ልጅ ትቀላቀለናለች። በክፍላችን ሴቶች አራት ብቻ ነበሩ። በሌሊት ያን ጨለማ ግቢ አቋርጦ መምጣት ለነሱ ቀልድ አልነበረም፤ ለወንዱ የጥናት ሰዓት የሆነው ለሴቷ የሥጋት ሰዓት ነው። አንድ ቅዳሜ አንደኛው ልጅ ሽፋኑ ከወለቀ የላይብረሪ መጽሐፍ ጥያቄ ይዞ መጣ። እናንተም ሞክሩት። አምስት ነጥብ ወረቀት ላይ እንደፈለጋችሁ በትኑ፤ ሦስቱ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ እንዳይውሉ ብቻ ተጠንቀቁ። እንዴትም ብትበትኗቸው ከአምስቱ መካከል ወደ ውስጥ ያልጎደጎደ አራት ማዕዘን የሚሠሩ አራት ነጥቦች አይጠፉም። ለምን?

እኛ ወንዶቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰሌዳውን በስዕል ሞላነው። ልጅቷ ዝም ብላ ስታየን ቆየችና የጸጉሯን ላስቲክ ፈታች። «ጣታችሁን ዴስኩ ላይ አቁሙ» አለች። አራት ነን፤ እኔ ሁለት ጣት አቆምኩ። ላስቲኩን በጣቶቻችን ዙሪያ ጣለችው። «ላስቲኩ አምስቱንም ወይም አራቱን ከነካ አለቀ፤ ይኸው አራት ማዕዘን። ሦስቱን ብቻ ነክቶ ሁለቱ ውስጥ ከቀሩስ? በሁለቱ በኩል ቀጥ ያለ መስመር አሳልፉ። ከውጪዎቹ ሦስት፣ ሁለቱ የግድ በአንድ ወገን ይቀራሉ። እነዚያን ሁለቱን ከውስጦቹ ሁለቱ ጋር አገናኟቸው» አለች። አበቃ። ማናችንም ትንፍሽ አላልንም። አንደኛችንማ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፎንቃ ያዘው... እሱን እንኳ ተዉት።

የጥያቄውን ታሪክ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ይህ ዓምድ የፍቅር ነገር ስለሚወድ ላውጋችሁ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ወጣት ተማሪዎች መናፈሻ ውስጥ በአንድ ሐውልት ሥር እየተሰበሰቡ በሂሳብ ይጨቃጨቁ ነበር። ጥያቄውን ያመጣችው ከመካከላቸው አንዲት ልጅ ነበረች። ለአምስቱ ነጥብ የሚሆነውን ማረጋገጫም ራሷ አቅርባለች። «ለአምስት ማዕዘንስ? ለስድስትስ ስንት ነጥብ ይበቃል?» የሚለው ሲነሳ አንደኛው ወጣት ሌት ተቀን ሠራበት። በጥያቄው ይሁን በጠያቂዋ የተማረከው እሱ ይወቀው! በ1937 ተጋቡ። ጓደኛቸው የነበረ ታላቅ የሂሳብ ሊቅ ጥያቄውን «የደስታ ፍጻሜ» ብሎ ሰየመው። ባልና ሚስቱ አይሁድ ስለነበሩ ከአውሮፓ ሸሽተው ሻንጋይ ገቡ፤ በ1948 ደግሞ አውስትራሊያ። በኦገስት 28 ቀን 2005 ሁለቱም በአንድ ሰዓት ልዩነት ውስጥ አረፉ። ለስድስት ማዕዘን 17 ነጥብ እንደሚበቃ በኮምፒውተር ያረጋገጠው ጽሑፍ የወጣው በ2006 ነው። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ማን መሰላችሁ? ሟቹ ባል! እስኪያረጅ ድረስ የሚስቱን ጥያቄ ሲፈታ ነው የኖረው።

ወደ ጎበዙ ልመለስ።

እሱ ብቻውን ነበር የሚያጠናው። ላይብረሪ ሲከፈት ይገባል፣ ሲዘጋ ይወጣል። ከኛ ሁሉ በላይ የደከመ እሱ ነው። ሌሊት ከላይ አልጋ የባትሪ ብርሃን አያለሁ። «እንዴት ነው?» ስለው «ገብቶኛል» ይላል። አንድ ማታ እኛ ከምናጠናበት ክፍል በር ላይ ደብተሩን አቅፎ ቆመ። ከኛ አንዱ ለቀልድ ብሎ «ጎበዙ መጣ! እኛን ልታስተምረን ነው?» አለው። ተሳሳቅን። እሱም ሳቅ አለና ወደኔ ዞሮ «የዶርም ቁልፍ ፈልጌ ነው» አለኝ። ቁልፌን አውጥቼ ሰጠሁት። ሄደ። እኛም ቀጠልን።

ሌሊት ዶርም ስገባ ተኝቷል። ቁልፌ ትራሴ ላይ ተቀምጧል። የራሱ ቁልፍ ደግሞ እንደ ወትሮው በጥቁር ክር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ያኔ ነው ቁልፍ ፍለጋ እንዳልመጣ የገባኝ። ነገ አናግረዋለሁ አልኩ። ነገ ፈተና ነበረብን፤ ከነገ ወዲያም ሌላ። ሁለተኛው ሴሚስተር ሲያልቅ ነጥቡ ስላልበቃው ተባረረ። ሻንጣውን ሲያወጣ እኔ ግቢ ውስጥ አልነበርኩም።

በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ አንድ ጥናት ሳነብ ነው ነገሩ እንደገና የቆጠቆጠኝ። አንድ ወጣት የሂሳብ ሰው፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጥሩ ውጤት ይዘው የሚመጡ ጥቁር ተማሪዎች ለምን በካልኩለስ እንደሚወድቁ ግራ ገባው። መምህራኑን ሲጠይቅ ድህነት ነው፣ ቤተሰብ ነው፣ ፍላጎት የላቸውም ሆነ መልሱ። እሱ ግን 20 ጥቁርና 20 ትውልደ ቻይና ተማሪዎችን ቀርቦ ሲያጠኑ ተከታተለ። ጥቁሮቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ፍላጎትም አላጡም። ነገር ግን ከ20ዎቹ 18ቱ ከክፍል ጓደኛቸው ጋር አንድም ቀን አጥንተው አያውቁም። ቻይናዎቹ መጀመሪያ ለየብቻቸው ሠርተው ማታ ይገናኛሉ፤ አብረው እየበሉ አንዱ የሌላውን ስህተት ያወጣል። ሰውየው ከዚህ ተነስቶ ከበድ ያለ ጥያቄ በቡድን የሚሠራበት ፕሮግራም አቋቋመ። የተሳተፉትም ውጤታቸው ተለወጠ። ሳነበው ከ18ቱ አንዱን የማውቀው መሰለኝ።

ታዲያ ዩኒቨርሲቲ ለምትገቡት አንድ ሁለት ነገር ልበል። ቡድን ማለት አንዱ ሠርቶ አራቱ የሚገለብጡበት አይደለም፤ እሱ ኩረጃ ነው። ቤታችሁ ሞክራችሁ፣ ተጣብቃችሁ ኑ። ጠመኔው ሁሉም እጅ ይግባ፣ በተለይ ዝምተኛው እጅ። ስድስት ሰባት ስትሆኑ ወሬ ይበዛልና ተከፈሉ። ሴቶች ካሉ ሰዓቱን እነሱ ይወስኑ። ፎንቃ የያዘው ካለም ፈተና እስኪያልፍ ማዶ ይቀመጥ! «ይሄማ ቀላል ነው» የምትለዋን ቃል ደግሞ በር ላይ አስቀምጣችሁ ግቡ፤ የሷን ያህል ሰው አፍ የምትዘጋ አላየሁም።

ባለፈው ዓመት መርካቶ ቧንቧ ልገዛ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ገባሁ። ባለቤቱ ካልኩሌተር ሳይነካ የስምንት ዕቃ ዋጋ በቃሉ ደምሮ ነገረኝ። ቀና ስል ጎበዙ ነው! ወፍሯል፣ ሸብቷል። ተቃቀፍን። ሱቁን ለልጁ ትቶ ሻይ ይዞኝ ወጣ። ስለ ልጆቹ አወራን፣ ስለ ኑሮ ውድነት አወራን። በመጨረሻ አላስችል ብሎኝ «ያን ማታ እኮ ቁልፍ ነበረህ» አልኩት።

ስኳሩን ሲያማስል ቆየ። «ነበረኝ» አለ። «በክር አንገቴ ላይ። ስትሰጠኝ አንተም አይተኸው ነበር።»

አይቼው ነበር። የሻዩን ሂሳብ ልከፍል ስል እጄን ያዘኝና እሱ ከፈለ።