የቆዩ የገጠር መኪኖች ፍሬን በሰርቮ ሲታገዝ፦ ጥቅሙ፣ ወሰኑና ጥንቃቄው

ባሕር ዳር፦ በቆዩ ላንድ ሮቨርና ላንድ ክሩዘር መኪኖች ማዳበሪያ፣ እህልና ሰው ለሚያመላልሱ አሽከርካሪዎች ጭነት ሲበዛና ቁልቁለት ሲረዝም ፍሬን መርገጥ አድካሚ ነው፡፡ በዚህም ምክንያት ሰርቮ የተባለውን የፍሬን አጋዥ ማስገጠም እንደ መፍትሔ ይወሰዳል፡፡ መፍትሔው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ሰርቮ የእግርን ጉልበት ያግዛል እንጂ ያረጀን ፍሬን አያድስም፡፡ ይህን ሳይገነዘቡ የሚደረግ ለውጥ የሰው ሕይወትና ንብረት ሊያሳጣ ይችላል፡፡

የቀድሞው ፍሬን አሠራር

እ.ኤ.አ ከ1948 እስከ 1985 የተመረቱት ቀደምት የላንድ ሮቨር ትውልዶች በአራቱም ጎማ የታምቡር ፍሬን ያላቸው ናቸው፡፡ በጃፓን ከ1960 እስከ 1984 ከተመረቱት ባለ 40 መለያ ላንድ ክሩዘሮች መካከልም ቀደምቶቹ እንዲሁ ናቸው፡፡ በታምቡር ፍሬን ሸራው የሚዞረውን ታምቡር ሲነካ፣ ዙረቱ ራሱ ሸራውን ይበልጥ እየሳበ ያጣብቀዋል፡፡ ያለ አጋዥ በእግር ጉልበት ብቻ ማቆም የተቻለውም በዚህ ምክንያት ነው፡፡ ዲስክ ፍሬን ግን ይህ ባሕርይ የለውም፤ የበለጠ ግፊት ይፈልጋል፡፡ ስለዚህ የፊት ታምቡሩን በዲስክ የሚቀይር ባለንብረት ሰርቮም ያስፈልገዋል፡፡

ሰርቮ እንዴት ያግዛል?

ሰርቮ በፔዳሉና በፍሬን ማስተሩ መካከል የሚገጠም ክብ የብረት ዕቃ ነው፡፡ ውስጡ በጎማ ሽፋን ለሁለት ይከፈላል፡፡ ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረው ዝቅተኛ ግፊት ሁለቱንም ክፍሎች ያሳሳቸዋል፡፡ ፔዳሉ ሲረገጥ በኋለኛው ክፍል የውጭ አየር ይገባል፤ የግፊቱ ልዩነትም ሽፋኑን ወደፊት እየገፋ እግርን ያግዛል፡፡

ኀይሉ የሚመጣው ከከባቢ አየር ግፊት ስለሆነ የቦታው ከፍታ ለውጥ ያመጣል፡፡ በባሕር ወለል ላይ 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ የሆነው የአየር ግፊት፣ በ2 ሺህ 500 ሜትር ከፍታ ወደ 75 ዝቅ ይላል፡፡ በደጋ አካባቢ የሰርቮ እገዛ በአንድ አራተኛ ገደማ ሊቀንስ ይችላል ማለት ነው፡፡ በመሆኑም አነስተኛ ሰርቮ መምረጥ ለደጋው አሽከርካሪ አያዋጣም፡፡

የናፍጣ ሞተርም ራሱን የቻለ ጥያቄ አለው፡፡ የቤንዚን ሞተር ለሰርቮ የሚበቃውን ዝቅተኛ ግፊት ከአየር መግቢያው ይሰጣል፤ አብዛኛው የናፍጣ ሞተር ግን አይሰጥም፡፡ ለዚህ ብዙ ጊዜ ከዲናሞው ጋር ተያይዞ የሚዞር የቫኪዩም ፓምፕ ያስፈልጋል፡፡ ፓምፕ በሌለው የናፍጣ መኪና ላይ ሰርቮ ማሰር ከንቱ ወጪ ነው፡፡

ለውጡ ሲደረግ

በመጀመሪያ የነበረው ፍሬን መጠገን አለበት፡፡ ያለቀ ሸራ፣ ያፈተለከ ታምቡር፣ የሚያፈስ ጎሚኒና የዛገ ቱቦ ሳይቀየሩ ሰርቮ ቢገጠም፣ ግፊቱ ሲጨምር ደካማው ክፍል ይበልጥ ይጋለጣል፡፡

ሁለተኛው ማስተሩ ነው፡፡ ከቆዩት መኪኖች ብዙዎቹ ባለ አንድ መስመር ማስተር ስላላቸው አንድ ቱቦ ቢፈነዳ ፍሬን ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፡፡ በባለ ሁለት መስመር ማስተር ግን አንዱ መስመር ቢበላሽም ሌላው በከፊል ያቆማል፡፡ ለውጡ በዚህ ቢጀመር ይመረጣል፡፡

ሦስተኛው ተስማሚነት ነው፡፡ ለታምቡር የተሠራ ማስተር በመስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ ሊኖረው ይችላል፤ ይህ ለዲስክ ከተተወ ፍሬኑ ሳይረገጥ እየጎተተ ይግላል፡፡ የኋላ ጎማዎች ቀድመው እንዳይቆልፉም የፊትና የኋላው ግፊት መመጣጠን አለበት፡፡ ከሞተሩ ወደ ሰርቮ የሚሄደው ቱቦ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ መሆን ይኖርበታል፤ ተራ የውኃ ቱቦ በመሳቡ ይጨማደዳል፡፡ በፍሬን ዘይት ምትክ የሞተር ዘይት መጨመርም ጎሚኒዎችን አሳብጦ ያበላሻል፡፡

የሰርቮውን ጤንነት መፈተሽ ቀላል ነው፡፡ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ መርገጥ፣ ከዚያም ረግጦ እንደያዙ ሞተሩን ማስነሣት ነው፡፡ ፔዳሉ ጥቂት ወደ ታች ከወረደ ሰርቮው ይሠራል፤ ካልወረደ ወይም አየር የሚያፈስ ድምፅ ከተሰማ ወደ መካኒክ መሄድ ይገባል፡፡

ቁልቁለት ላይ

ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት መውረድ በማንኛውም መኪና አደገኛ ነው፤ ሰርቮ በተገጠመለት ደግሞ አደጋው ይብሳል፡፡ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ሰርቮው የያዘው እገዛ ለጥቂት ርግጫ ብቻ ይበቃል፡፡ ከዚያ ፔዳሉ በድንገት ይጠነክራል፤ ቀላል ፔዳል የለመደ እግርም በአስቸጋሪው ሰዓት ይደናገጣል፡፡

ሙቀቱም ሊዘነጋ አይገባም፡፡ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፡፡ 2 ሺህ ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1 ሺህ ሜትር ሲወርድ በፍሬን ብቻ ቢያዝ፣ የሚፈጠረው ሙቀት ከ50 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል፡፡ የጋለ ሸራ የመያዝ ዐቅሙን ያጣል፤ የጋለ ታምቡርም ይሰፋል፡፡ ይህን ማንኛውም ሰርቮ አያስቀረውም፤ የሚያስቀረው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ መኪናውን በሞተር መያዝ ነው፡፡

ስለዚህ ሰርቮ የሚያስገጥም ባለንብረት ሥራውን ፍሬን ለሚያውቅ ባለሙያ ይስጥ፤ ጭነትና ተሳፋሪ ከማሳፈሩ በፊትም መኪናውን ባዶውን በሜዳ፣ ቀጥሎም በአጭር ቁልቁለት ይፈትሽ፡፡ ፔዳሉ ቀለለ ማለት መኪናው የበለጠ ይሸከማል ወይም በፍጥነት ይወርዳል ማለት አይደለምና፣ የጭነቱ ልክና የቁልቁለቱ ማርሽ እንደ ቀድሞው መጠበቅ አለባቸው፡፡